«ትል» ስንት ነው? — ስለ ደንደስ አልባ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የሙያ ቃላት ከጌዴኦ ማሳ የተገኘ ማስታወሻ

ለእርማት ከቀረቡልን የትርጉም ረቂቆች አንዱ ስለ እንሰት አጠባበቅ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነበር። የተዘጋጀው በጌዴኦ ዞን፣ በዲላና በወናጎ ዙሪያ ለሚያገለግሉ የግብርና ባለሙያዎች ሲሆን፣ ተርጓሚው ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ዓረፍተ ነገሩም የማይጎረብጥ ነው። ይሁንና በሦስት ገጽ ውስጥ «ትል» የሚለው ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ቆሞ አገኘነው። በመጀመሪያው ገጽ «ትል» የተባለው በእንሰት ሥር ላይ የሚጣበቅ፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠ የሚኖር ነፍሳት ነው። በሁለተኛው ገጽ «ትል» ሥሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያቆስለው፣ ያለ ማጉያ መሣሪያ የማይታየው ኔማቶድ ነው። በሦስተኛው ገጽ ደግሞ «ትሉ በቢላዋ ይተላለፋል» ይላል። ይህኛው ከነጭራሹ እንስሳ አይደለም፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው።

ስሕተቱ በማሳው ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አጠውልግን ለመግታት የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ የተነካበትንም ቢላዋና መፋቂያ በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል። በሥር ላይ የሚጣበቀውን ነፍሳት ግን ቢላዋ መለብለብ አያግደውም፤ እርሱ ይበልጡን የሚዛመተው ከተያዘ ተክል በተወሰደ ችግኝ ነው። ከአካሉ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚልሱት ጉንዳኖችም ከሥር ወደ ሥር ያጓጉዙታል። እንግዲህ ጽሑፉን ያነበበ ሰው «ትል በእሳት ይጠፋል» ብሎ ቢላዋውን ለብልቦ፣ የተበከለውን ችግኝ ግን ለጎረቤቱ ቢሰጥ፣ ጥፋቱ የአንባቢው ነው ለማለት አንደፍርም።

ሁለቱም ጠላቶች በአገራችን የሳይንስ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ቦታ አላቸው። የአጠውልግን መንሥኤ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ ጽሑፍ አስታውቀዋል። በሥር ላይ የሚኖረው ነፍሳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያው በወናጎ መታየቱ ተመዝግቦ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የዝርያ መጠሪያውም «ኤንሴቴ» ተባለ። ሳይንስ ስም ሲያወጣለት ከእኛ ቃል ተበድሮ ሳለ፣ እኛ በአማርኛ ስንጽፍ «ትል» ብለን ማለፋችን የሚያሳዝን ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ይገባል። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት። ዞኑ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። የጌዴኦ ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ ዋንዛንና ብርብራን የመሳሰሉ ዛፎችን ከላይ፣ እንሰትን ከመካከል፣ ቡናን ከሥሩ፣ አትክልትና ሐረጉን ከዚያ ዝቅ አድርጎ ያበቅላል። ይህ ደረጃ በደረጃ የተደራረበ እርሻ፣ ከትክል ድንጋዮቹና በባህል ከተጠበቁት ደኖች ጋር፣ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለቃላት ሠራተኛ የማሳው ጥቅም ሌላ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ የሚያነሣቸው ነገሮች ሁሉ፣ ከምድር ትል እስከ ንብ፣ ከሣር እስከ ታላቅ ዛፍ፣ በሃምሳ ርምጃ ውስጥ ቆመው ይገኛሉ። ስለዚህ የአማርኛ ስያሜዎቻችን የሚበቁና የማይበቁ መሆናቸውን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላገኘንም።

ወደ «ትል» እንመለስ። ቃሉ በዕለት ንግግር የሚመዝነው የዘር ሐረግን ሳይሆን መልክንና አካሄድን ነው። ለስላሳ፣ ረዘም ያለ፣ እግሩ የማይታይ፣ በሆዱ የሚሳብ ሁሉ ትል ነው። በዚህ ምክንያት የምድር ትል፣ የሐር ትል፣ የሥጋ ትል፣ የኮሶ ትል በአንድ ስም ይጠራሉ። የሥነ ሕይወት ሊቅ ግን የሐር ትልን ከእሳት እራትና ከቢራቢሮ ጋር፣ የሥጋ ትልን ከዝንብ ጋር፣ የምድር ትልን ከአልቅት ጋር፣ የኮሶ ትልን ከጠፍጣፋ ትሎች ጋር ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገና ያላደጉ ሦስት አፅቄዎች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ትል ሆነው የሚኖሩ ናቸው።

ኮሶን ካነሣን አይቀር፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከዚህ የበለጠ ፈተና ጥቂት ነው። ኮሶ ዛፍ ነው፤ ኮሶ የዛፉ አበባ ተወቅጦ የሚጠጣ መድኃኒት ነው፤ ኮሶ ጥሬ ሥጋ ከሚበላ ሰው አንጀት ውስጥ የሚገኝ በሽታ ነው፤ ኮሶ ያ በሽታ የሆነው እንስሳ ራሱ ነው። መድኃኒቱና ሕመሙ፣ ዕፁና እንስሳው በአንድ ስም ተጠርተዋል። ተናጋሪው አይሳሳትም፤ «ኮሶ ጠጣ» እና «ኮሶ ያዘው» መካከል ግሡ ፍቺውን ይለያል። ለሳይንስ ጽሑፍ ግን ግሥ ብቻውን ስለማይበቃ «የኮሶ ዛፍ» እና «የኮሶ ትል» ብሎ ማጣመር ግዴታ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን የ«ትል» ስፋት የአማርኛ ድኽነት አድርገው ሲቆጥሩት እንሰማለን። አንስማማም። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በወጣው የ«ሲስቴማ ናቱሬ» 10ኛ እትም እንስሳትን በስድስት መደቦች ሲከፍል፣ አራቱን ደንደስ ላላቸው ሰጥቶ፣ የቀሩትን ሁሉ «ነፍሳት» እና «ትሎች» በሚሉ ሁለት መደቦች ብቻ አጉሮአቸዋል። በነፍሳቱ መደብ ሸረሪትና ጊንጥ፣ ሸርጣንም ሳይቀር ገብተው ነበር፤ በትሎቹ መደብ ቀንድ አውጣና የባሕር ኮከብ ተቀላቅለዋል። የዛሬው የአማርኛ ተናጋሪ የሚያደርገው ክፍፍል ከሊኔየስ ክፍፍል ብዙ አይርቅም ማለት ነው። ይህን ጎተራ በርግጥ መክፈት የጀመረው ፈረንሳዊው ላማርክ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1793 በፓሪስ የተሰጠው የመምህርነት ወንበር «የነፍሳት፣ የትሎችና የረቂቃን እንስሳት» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ «አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት» የሚለውን ስያሜ አጸና። እንግዲህ ጎዶሎው በቋንቋው ውስጥ አይደለም። የጎደለው ላማርክ ለሙያው የሠራውን ሥራ እኛ ለአማርኛ አለመጨረሳችን ነው።

በአንጻሩ አማርኛ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተሻለ ሀብት የያዘበት ስፍራም አለ። በትንቢተ ኢዮኤል የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ እና ኩብኩባ የሚሉ አራት ስሞች ተከታትለው ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኩብኩባ ክንፍ ያላወጣውን የአንበጣ ልጅ፣ ተምች ደግሞ በመንጋ ሰብል የሚያጠፋውን የእሳት እራት ወገን እጭ ለመሰየም ዛሬም ያገለግላሉ። እንግሊዝኛ ይህንኑ ተምች «የጦር ሠራዊት ትል» ብሎ ይጠራዋል፤ ትል አለመሆኑን እያወቀ። በ2009 ዓ.ም. ከወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ አገራችን የገባው የበቆሎ ጠላት «የአሜሪካ መጤ ተምች» ተብሎ ሲሰየም፣ ተርጓሚዎቻችን «ትል» ብለው ሳይተረጉሙ ነባሩን ቃል በማንሣታቸው ልናመሰግናቸው ይገባል። (ከላይ «የእሳት እራት ወገን» ስንል ወገን የሚለውን በተራ ፍቺው መጠቀማችን ነው። በሥነ ሕይወት ምደባ ወገን ከአስተኔ በታች፣ ከዝርያ በላይ ያለ ደረጃ ስለሆነ፣ ተርጓሚ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ልቅ አድርጎ ባይጽፈው ይመረጣል። እኛም እዚህ ላይ ተይዘናል።)

ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ገና ላላደገ ሦስት አፅቄ ንብ አርቢዎች ለቀፎ የሚጠቀሙበት «እጭ» የሚለው ቃል ይጽና። መልኩን ለውጦ፣ ተሸፋፍኖ፣ ሳይበላ ለሚቆይበት ደረጃ «ሙሽሬ» ቢባል ከሙሽራ መሸፋፈን ጋር ያለው ዝምድና ለተማሪ ቶሎ ይገባል። አድጎ ለሚራባው «ጉልምስ» ይበቃል። «ኩብኩባ» ግን ሙሽሬ ለማይሆኑት፣ ይኸውም እንደ አንበጣና እንደ ፌንጣ ከእንቁላል ሲወጡ ወላጆቻቸውን መስለው ክንፍ ብቻ ለሚጎድላቸው ይጠበቅ። አንዳንድ ጽሑፎች ኩብኩባን ለትንኝ ሙሽሬ ሲያውሉት እናያለን፤ ይህ ያለንን ልዩነት በገዛ እጃችን ማጥፋት ነው። «ትል» ደግሞ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ለድቡልቡል፣ ለጠፍጣፋና ለባለ ቀለበት ትሎች ብቻ ይቅር። በገበያና በወጥ ቤት ማንም እንደፈለገው ይጠራው፤ የምንደነግገው ለመማሪያና ለሙያ መጻሕፍት ብቻ ነው። የሐር ትልም ስሙን ይያዝ፤ ሥር የሰደደ ስያሜ ነውና ከመንቀል በብያኔው ላይ «እጭ ነው» ብሎ ማስረዳት ይሻላል።

«ነፍሳት» የሚለው ቃል ችግሩ ሌላ ነው። በግእዝ የ«ነፍስ» ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ በአማርኛ ለጥቃቅን እንስሳት ሲነገር ነጠላ የለውም። «አንድ ነፍስ» ብንል ሰው እንቆጥራለን እንጂ ጢንዚዛ አንቆጥርም፤ «አንድ ነፍሳት» ማለት ደግሞ ለሰዋስው ጆሮ ይከብዳል፣ ምንም እንኳ በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ራሳችን ብንጠቀምበትም። «ሦስት አፅቄ» የሚለው ሰው ሠራሽ ስያሜ ይህን ይፈታል፤ «አንድ ሦስት አፅቄ»፣ «ብዙ ሦስት አፅቄዎች» ይባላል፤ አካሉ በራስ፣ በደረትና በሆድ መከፈሉንም ይናገራል። በላቲን የነፍሳት መጠሪያ «የተቆራረጠ» ማለት ስለሆነ፣ ስያሜው በተመሳሳይ መንገድ የተገኘ ነው። የሥርወ ቃል ሰው ግን አንድ ቅሬታ አለው። በግእዝ «ዐጽቅ» ቅርንጫፍ ነው፤ ክፍለ አካልን ለመግለጽ ከቅርንጫፍ ይልቅ የሸንበቆው «አንጓ» ይቀርብ ነበር። በዚህ ላይ በዓይኑ «ዐ» መጻፉ ቀርቶ በአልፋው «አ»፣ በጸሎቱ «ጽ» ምትክም በፀሐዩ «ፅ» መጻፉ ሥሩን ይሰውራል። ይሁንና ቃሉ ከመማሪያ መጻሕፍት ወደ ግብርና ጽሑፎች ዘልቆ ስለገባ፣ «ሦስት አንጓ» የሚል አዲስ ተፎካካሪ ማምጣቱ ትርፍ የለውም። የምንለው፣ በምድቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል ነው። ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር እግራቸው ስምንት፣ አካላቸውም በሦስት የማይከፈል ስለሆነ ሦስት አፅቄ አይባሉም፤ ነፍሳት ቢባሉ ግን የሚከፋው የለም።

ለጠቅላላው ክፍል «ደንደስ አልባ»፣ «ኢደንደሴ»፣ «አከርካሪ የሌላቸው»፣ «የጀርባ አጥንት የሌላቸው» የሚሉ ስያሜዎች ይወዳደራሉ። ደንደስ የቢላዋን ጀርባና የከብትን ሸንተረር ስለሚያስታውስ ሥዕላዊ ነው። «ኢ» የተባለው የግእዝ አፍራሽ «ኢሰብአዊ» እና «ኢፍትሐዊ» በመሳሰሉ ቃላት ቢለመድም፣ ከአማርኛ ስም ጋር ሲጋጠም ለሕፃን ተማሪ አይገለጥለትም፤ ስለዚህ «ደንደስ አልባ» መርጠናል። ይህ ምርጫ ብዙ ውዝግብ አያሻውም። እስከ ዛሬ ስም ካገኙት የእንስሳት ዝርያዎች ከ100 እጅ 95 እጅ የሚበልጡት በሌላቸው ነገር መጠራታቸው ግን ያስገርመናል። አርስጣጣሊስም «ደም አልባ» ብሎአቸው ነበር፤ ይህ አጠራር በጉድለት መሰየም አዲስ ልማድ አለመሆኑን ያሳያል።

በዕፅዋት በኩል ይኸው ልማድ እንሰትን አግኝቶታል። የውጭ ጸሐፊዎች «ሐሰተኛ ሙዝ» ብለው ይጠሩታል፤ የእኛም ተርጓሚዎች አንዳንዴ ይህንኑ ይገለብጣሉ። እንሰት ግን ሙዝ ነኝ ያለበት ቀን የለም። እንዲያውም የእጽዋት ሊቃውንት ወገኑን በሙሉ «ኤንሴቴ» ብለው የሚጠሩት ከአገራችን ቃል ወስደው ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሲመለስ ሥዕሉንና ስሙን ይዞ ሄደ፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ቺዝማን ከሙዝ ወገን ለይቶ ለብቻው አቆመው። በሰሜን ያለው አንባቢ ተክሉን ይበልጡን የሚያውቀው በቅጠሉ፣ ይኸውም ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት «ኮባ» ነው፤ በደቡብ ያለው ደግሞ በቆጮው፣ በቡላውና በአምቾው። የመዝገበ ቃላት ብያኔ ከሁለቱ ወገን በአንዱ ብቻ ቢጻፍ ግማሽ አገር ያጎድላል።

የእንሰት «ግንድ» የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ከዲላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጓሮ እንሰት ወደሚፍቁ አንዲት እናት ዘንድ ቀረብን። ቀጥ ብሎ የቆመውን ወፍራም አካል እያሳየን «እማማ፣ ግንዱ ይህ ነው?» አልናቸው። ሳቁ። «ምን ግንድ አለው፣ ልጆቼ? ቅጠል በቅጠል ላይ ነው እንጂ። ብትልጡት ብትልጡት ቅጠል ነው፤ ግንዱ ከታች ነው» አሉን። የእጽዋት መምህር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አይሰጥም። ከመሬት በላይ ግንድ መስሎ የሚቆመው እርስ በርሱ የተቃቀፈ የቅጠል እግር ነው፤ እርሱ ተፍቆ ከተፈጨው አምቾ ጋር ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፣ ከፈሳሹ የሚጠልለው ቡላ ነው፣ ጭረቱም ቃጫ ይወጣዋል። እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ያለው አምቾ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚወጣው ተክሉ ሊያብብ ሲል ብቻ፣ በቅጠሎቹ መካከል ሰንጥቆ ነው፤ አንድ ጊዜ ካበበና ካፈራ በኋላም ይሞታል። ለዚህ የቆመ አካል «ሐሳዌ ግንድ» የሚል ስያሜ ሲሰነዘር ሰምተናል። ግእዙ ያማረ ቢሆንም ሐሳዊነት የሚያታልል ሰው ጠባይ ነው፤ «ቅጠለ ግንድ» ብንለው ምን እንደሆነ ይናገራል። አምቾን ግን በምንም አንተካውም። «ሥር» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች አሉ፤ ሥሮቹ ከአምቾው ዙሪያ የሚበቅሉት ቀጫጭኖች ናቸው፣ ያ ነጭ ነፍሳትም የሚጣበቀው በእነዚያና በአምቾው ገላ ላይ ነው።

ከእንሰቱ ጥላ ሥር ያለው ቡና «ፍሬ» እና «ዘር» በሚሉት ቃላት ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በሥነ ሕይወት ፍሬ ማለት ከአበባው እንቁላል አቃፊ የሚያድገው አካል ሲሆን፣ ዘር በውስጡ ያለው ነው። በዚህ መሠረት ቀይ የሆነው እሸት ቡና በሙሉ ፍሬ ነው፤ ምጣድ ላይ የሚቆላው ዘር ነው። ነገር ግን የትኛዪቱ ቡና አፍዪ ናት «ዘር ቆላሁ» የምትል? ለእርሷ የሚቆላው የቡና ፍሬ ነው። ዘር «ዘራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ የሚመዝነው አገልግሎትን ነው፤ የሚዘራ ወይም የሚተከል ሁሉ ዘር ነው። ለዚህ ነው የምንተክለውን ድንች፣ ግንደ ምድር ሆኖ ሳለ፣ «የድንች ዘር» የምንለው። በተቃራኒው «እንሰት ዘር የለውም» ሲባል እንሰማለን። ካበበ እንሰት ጥቁር፣ ጠንካራ ዘር ይገኛል፤ ገበሬው ግን የሚያባዛው የአምቾውን እምብርት አጥፍቶ፣ ቀብሮ፣ በዙሪያው በሚወጡት ችግኞች ስለሆነ ያንን ዘር ዘር አይለውም። ተርጓሚ እዚህ ላይ ሊያደርግ የሚችለው በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ቃላት ሙያዊ ፍቺ ግልጥ አድርጎ መጻፍና እስከ መጨረሻው አለመዋዠቅ ነው። ለንግዱ ግን እሸት፣ ጀንፈልና ገለፈት የሚሉት በቂና ጥንቁቅ ስሞች ናቸው፤ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም።

ጌዴኦኛ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር የደገኛው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋ ነው። እንሰትን በዕድሜውና በዓይነቱ የሚለዩ የራሱ ስሞች አሉት። አማርኛ ቆጮን፣ ቡላንና አምቾን ከእንሰት አብቃይ ሕዝቦች ቋንቋዎች ወስዶ ማንም ሳያፍር ይጠቀምባቸዋል። ታዲያ ባለሙያ ስያሜ ሲጎድለው በመጀመሪያ ወደ ግእዝ፣ ቀጥሎ ወደ እንግሊዝኛ፣ በመጨረሻ ብቻ ወደ ጎረቤት ቋንቋ የሚዞርበትን ቅደም ተከተል መለወጥ ያሻል። ለረቂቅ ጽንሰ ሐሳብ ግእዝ ይበጃል፤ ለሚዳሰስ ተክልና ለሚሳብ ነፍሳት ግን ስሙን የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ነው።

ረቂቁን ለተርጓሚው ስንመልስ በሁለተኛው ገጽ ላይ «ትል» የሚለውን «ድቡልቡል ትል (ኔማቶድ)» አልነው። በሦስተኛው ገጽ «ባክቴሪያ» ብለን አስተካክለን፣ ቢላዋን ስለ መለብለብ የተጻፈው ምክር ለዚህኛው ብቻ መሆኑን እንዲጨምር አሳሰብን። የመጀመሪያውን ገጽ ግን አላረምነውም። ከዱቄት ጋር የሚያዛምድ ስም ልንፈጥርለት እንችል ነበር፣ የውጩ ስምም እንዲሁ ነው። ቦታውን ባዶ ትተን፣ በኅዳጉ ላይ «በወናጎና በቡሌ አምቾ የሚቆፍሩ እናቶች ምን እንደሚሉት ተጠይቆ ይሞላ» ብለን ጻፍንበት።